በአየሩ ያላከክሁት ጥፋት

አሁን አሁን ደብረ ማርቆስም ቢሆን ቪትዙ ሁሉ ኦቶማቲክ ነው። ሲበላሽ ኮምፒዩተር ትሰካለህ፣ የታመመበትን ይነግርሃል። አሮጌ ማርቼዲስ እንዲህ አይደለችም። እሷን በጆሮህ፣ በመቀመጫህና በምላስህ ነው የምትመረምራት። ምላስ ያልሁት ለቀልድ አይደለም፤ እመጣበታለሁ።

መኪናዋ 230ኢ ናት። መካኒኮች 123 የምንላት፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የተሠራችው ዓይነት። ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ። ባለቤቷ የቡሬ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነግደው አሁን ያረፉ። ካምቢዮዋን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኗን፣ አውርጄ ፈታታሁት። ማርሹን የሚይዙትን የፍሪሲዮን ሳህኖች በሙሉ፣ የላስቲክ ቀለበቶቹን በሙሉ ቀይሬ ገጠምሁ። ቀዩን ዘይት ሞላሁ። ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ (ማቆሚያው) ላይ ሆኖ ለካሁት። ልክ ነው። እስከዚህ ድረስ የማፍርበት ነገር የለም።

ለሙከራ ስወጣ ግን ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ጀርባዬን ደለቀችኝ። ዞሬ ነዳኋት። ደገመችኝ።

እነዚህ ካምቢዮዎች ሳይፈቱ ከውጭ የሚስተካከሉባቸው ሁለት ነገሮች አሏቸው። አንዱ ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘው ገመድ ነው። እሱ በዋናነት ማርሹ መቼ ይቀየር የሚለውን ይወስናል። ሌላው ሞዱሌተሩ ነው። እሱ ደግሞ ፍሪሲዮኖቹ ምን ያህል ጠበቅ ብለው ይያዙ የሚለውን። ሞዱሌተሩ ወሬውን የሚሰማው ከሞተሩ በሚመጣለት ቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው መምጠጥ ነው፤ በአንዲት ቀጭን ቱቦ። ነዳጅ ካልረገጥህ ቫኪዩሙ ብዙ ነው። ሞዱሌተሩም ጭነት የለም ብሎ የዘይቱን ግፊት ያረግበዋል። ስትረግጥ ቫኪዩሙ ይጠፋል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ስትቀይር የምትደልቅ መኪና ምናልባት ቫኪዩም አንሷት ይሆናል።

ይህን አውቃለሁ። ስለማውቅም የቫኪዩም መለኪያውን ሞዱሌተሩ ጋ፣ በቱቦው ጫፍ ሰካሁት። በሜርኩሪ 6 ኢንች።

ረዳቴ አጎንብሶ አየና «አነሰ እኮ ጋሼ» አለኝ።

እኔም የምኮራባትን እውቀት አወጣሁ። «ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለቆላ ሰው የተጻፈ ነው» አልሁት። ባለቤቱም አጠገባችን ቆመው ያዳምጡ ነበር። ልጁ ዝም አለ።

ያልሁት ነገር ደግሞ እውነት ነው። ክፋቱ እሱ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቶሎ እነቃበት ነበር።

የሞዱሌተሩን ክዳን ከፈትሁና ቁልፉን ግፊቱ ወደሚቀንስበት ግማሽ ዙር አዞርሁ። ቀለል አለ። ሌላ ግማሽ። አሁንም ቀለል አለ። ሌላ ግማሽ ስጨምር ቅቤ ሆነች። ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርሁባት፣ ስትቀይር አይሰማህም። ባለቤቱ መርቀውኝ ሄዱ።

በአምስተኛው ቀን በአባይ ዳገት ላይ ካለችው ከኩራር ደወሉ። አራት ሰው ጭነው ወደ አባይ ወርደው ነበር፤ ሲመለሱ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ነው የምትወጣው። «አንተ ልጅ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም» አሉኝ። አይሱዙ ላይ ተጭና መጣች።

የዘይት መለኪያውን መዝዤ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ቀዩ ዘይት ቡና መስሏል። አሸተትሁት፤ ሥሩ ያረረ ድስት ይሸታል። አዲሶቹ ሳህኖች ተቃጥለዋል ማለት ነው። አፌን ከፍቼ ስለ አባይ በረሃ ሙቀት ልናገር ስል ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«ባለፈው አየሩ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሙቀቱ ሊሆን ነው?»

አፌን ዘጋሁ።

እኛ ስንነጋገር ልጁ መኪናዋ ሥር ገብቷል። ቱቦውን ከሁለቱም በኩል ነቅሎ አንዱን ጫፍ በጣቱ ደፈነ፣ በሌላው አየሩን ሳበና ምላሱን ለጠፈበት። ደህና ቱቦ ከሆነ ምላስህ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይሄኛው ወዲያው ለቀቀ። «አይዝም ጋሼ» አለ። ከሞዱሌተሩ ጋር የምታገናኘዋን፣ ከትንሽ ጣት የማትበልጥ ቆልማማ ላስቲክ አውጥቶ አጎበጣት። በሙቀት ደርቃለች። ውስጠኛው እጥፋቷ ላይ እንደ ከንፈር የተከፈተ ስንጥቅ አለ። ቀጥ ስትል አይታይም። ካምቢዮውን በሙሉ አዲስ ሳደርግ እሷን ጠርጌ መልሼ የሰካኋት እኔ ነኝ።

ያኔ ነው የቫኪዩም መለኪያውን ሞተሩ ጋ የሰካሁት። 13 ኢንች። ቱቦው ጫፍ ላይ 6 ነበር። ደጋው የሚቀንሰውን ከሁለቱም ላይ ነው የሚቀንሰው። መንገድ ላይ የጠፉት 7 ኢንቾች የአየሩ አልነበሩም። ሁለቱን ጫፍ መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ለምን ሜዳ ላይ ቅቤ ሆና ዳገት ላይ እንደከዳች ሌሊት ስገላበጥ ነው የገባኝ። ዳገት ላይ ነዳጁን ስትረግጥ ቫኪዩም መጀመሪያውንም የለም። ቱቦው ደህና ሆነ ቀዳዳ፣ ያን ጊዜ ግፊቱን የሚይዝልህ ሞዱሌተሩ ውስጥ ያለው ሞላ ነው። እኔ ደግሞ ቁልፉን ሳዞር ያላላሁት እሱኑ ነው።

ካምቢዮውን እንደገና አወረድሁ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቁልፉን ወደነበረበት ልመልስ ስል ስንት ጊዜ እንዳዞርሁት አልጻፍሁም። ልጁ ግን የጋራዡ በር ላይ በጠመኔ ሦስት ጭረት አድርጎ ነበር። ሦስቱንም ግማሽ መለስን። አዲስ ላስቲክ ገባ። ስትቀይር ትሰማለህ፣ አትደልቅም። በማግስቱ ከሽማግሌው ጋር ኩራር ድረስ ወርደን ወጣን፤ ልጁን ከኋላ አስቀምጠን።

ሂሳብ ሲጠይቁኝ «የዘይቱን ብቻ» አልኋቸው። ቆጥረው ሰጡኝ። መሪውን ይዘው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና «የአየሩንስ?» ብለውኝ ሄዱ።