የእናቴ ጉድጓድ

ክረምቱ ሲወጣ መራዊ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። ጉድጓዷ ከበቆሎው ማሳ 10 እርምጃ ቢርቅ ነው። የናይትሬት መመርመሪያ ወረቀት ውሃው ውስጥ ነከርኩ። ነጩ ጫፍ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ፤ ናይትሬት አለበት ማለት ነው።

«ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም።

ናይትሬቱ የሚመጣው በቆሎው ላይ ከሚበተነው ማዳበሪያ ከዩሪያ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው። አፈር ውስጥ መጀመሪያ አሞኒየም ይሆናል፤ እሱን ሸክላው ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲቀይሩት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የናይትሬትም የሸክላውም ቻርጅ ኔጌቲቭ ስለሆነ ይገፋፋሉ፤ ዝናቡም ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። የኛ ቀይ አፈር ብረት ስለሚበዛበትና አሲዳማ ስለሆነ ከሥር ትንሽ ይይዘዋል። ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

እኔን ያስጨነቀኝ የእህቴ የአራት ወር ልጅ ነው፤ የጡጦው ወተት የሚበጠበጠው በዚሁ ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ናይትሬት ሲበዛ የጨቅላ ደም ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ እዚያው ይቀራል።

ለጡጦው ከቦኖ እንዲቀዳ ተስማማን። ወንድሜም ዘንድሮ ዩሪያውን በአንዴ አይበትንም፤ ግማሹን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ይጨምራል።