ከሥጋ ዓሣ እመርጣለሁ

ለአንድ ባንክ ቅጥር የተፈተንኩ ጊዜ በእንግሊዝኛው ክፍል ወደቅሁ። ስንፍና አልነበረም። ለፈተናው ኢዲየም እንዳጠና ሲነገረኝ ፈሊጥ መስሎኝ፣ «ባልዲውን ረገጠ» ማለት ሞተ ማለት ነው እያልኩ ወደ 200 የሚጠጉ አባባሎች ሸምድጄ ገባሁ። አንዱም አልመጣም። የመጡት እነ «ኦን»፣ «አት» እና «ቱ» ናቸው። እነርሱን ደግሞ ከልጅነቴ የማውቃቸው ስለመሰለኝ ዞር ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

በሰዋስው ፈተና ኢዲየም የሚባለው በአብዛኛው ቃል ከቃል የሚጣመርበት ልማድ ነው። እኛም «አንጀቴን አራሰው» እንላለን እንጂ «ጉበቴን አራሰው» አንልም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። «ኤብል» ብሎ የጀመረ «ቱ» ብሎ ግሡን ያስከትላል። «ኬፐብል» ያለ ግን «ኦፍ» ብሎ ግሡን በ«ኢንግ» ይጨርሳል። ትርጉማቸው ሲቀራረብ አካሄዳቸው ተለያየ።

ዓይኔ የተገለጠው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የሚባለው ቦታ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ እየበላን «ከሥጋ ዓሣ እመርጣለሁ» አልኩት።

«እስቲ በእንግሊዝኛ በለው» አለኝ።

«አይ ፕሪፈር ፊሽ ዛን ሚት።»

«ዛን አይደለም፣ ቱ ነው» ብሎ ትልቁን ቁራጭ ወሰደው።

ማታ ደብተር አወጣሁ። በግራ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ እንግሊዝኛውን ሙሉውን እየጻፍኩ፣ «ከ» ያለበትን ሁሉ ለቀምኩ። «ከዚህ ይበልጣል» ስንል አፋችን ወደ «ዛን» ይሮጣል፤ «ሱፒሪየር» ግን «ቱ» ይፈልጋል። «ከእርሱ ጋር ተጋባች» የሚለው ወደ «ዊዝ» ይገፋል፤ ትክክሉ «ሜሪድ ቱ» ነው። «ከ» ያልከዳችኝ «ዲፈረንት ፍሮም» ላይ ነው። እንግሊዞች «ዲፈረንት ቱ» ሲሉም ይሰማል፤ ለፈተና ግን «ፍሮም» አያሳፍርም። ቀጥሎ «ስለ» መጣች። «ስለ ደመወዝ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንለጥፋለን፤ ግሡ ግን ምንም አይፈልግም።

«ጮክ ብለህ አንብበው፤ ጆሮህ ይነግርሃል» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛን ከእናቱ ለሰማ ሰው ይሠራ ይሆናል። የእኔ ጆሮ ግን «ዲስከስ አባውት»ን በክፍልም በስብሰባም ሲሰማ ያደገ ስለሆነ ትክክሉ ጎደሎ ይመስለዋል። ስለዚህ ልምዴን ገለበጥኩት፤ ከምርጫዎቹ አንዱ ከአማርኛው ጋር ልክክ ሲልልኝ ቆም ብዬ ደግሜ አየዋለሁ። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ያዘገየኛል፤ ቢሆንም አልተውኩትም።

ከወራት በኋላ ሌላ ባንክ ተፈተንኩ። ከጥያቄዎቹ መካከል «ሱፒሪየር» የሚል ነበረ፤ የመጀመሪያው ምርጫ ደግሞ «ዛን»። ያ ትልቅ የዓሣ ቁራጭ ትዝ ብሎኝ ሳቄ አመለጠኝ። ፈታኙ አጠገቤ መጥቶ እስክጨርስ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።