ኤፍሲ 26ን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳየው

ዛሬ ከሰዓቱን ሙሉ ሄርማታ አካባቢ ባለ አንድ ጌም ቤት አሳለፍኩ። ጅማ ነውና ዝናቡ አላባራም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጭራሽ አይሰማም። ግን ማንም ድምፁን አልፈለገውም፤ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ሰው ነው፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። አግዳሚው ላይ አራት ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሕጉ ግልጽ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ከፍሎም ይነሳል።

የሄድኩት ለመጫወት ብቻ አልነበረም። ሰሞኑን ስለ ኤፍሲ 26፣ በፕሌይስቴሽን ስለሚጫወቱት የኳስ ጌም፣ "ይገዛል ወይ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ታናሽ ወንድሜ ጠየቀኝ። የአክስቴ ልጅ ከአጋሮ ደውሎ ጠየቀኝ። የሥራ ባልደረባዬም ለልጁ ሊገዛ አስቦ ጠየቀኝ። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ስጫወተው ቆይቻለሁ፣ ግን የኳስ ጌም ብቻህን ሆነህ ተጫውተህ አይመዘንም ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተነካካ ሲጫወተው ነው ጥሩነቱም ጉድለቱም የሚወጣው።

ጨዋታው በየዓመቱ ከመስቀል ጋር ነው የሚመጣው። ኤፍሲ 25 የወጣው መስከረም 17 ቀን 2017 ነበር፣ ልክ በመስቀል ዕለት። ኤፍሲ 26 ደግሞ መስከረም 16 ቀን 2018፣ ደመራው በሚለኮስበት ቀን። እኛ ጋ ግን በዕለቱ አይደርስም። መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው ዲስክ በሰው እጅ ወይ በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቶ ነው ጅማ የሚገባው። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም በስልካችን የሌላ ሰው ጨዋታ እያየን እንቆያለን።

እኔ በዚህ ነገር የተለከፍኩት በሚሊኒየሙ አካባቢ ነው። ያኔ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ንጉሡ ኮናሚ የሚሠራው ፔስ የሚባል የኳስ ጌም ነበር። ፔስ 6 ላይ ብራዚላዊውን አጥቂ አድሪያኖን የያዘ ልጅ ከሩቅ ይመታል፣ በረኛው እጁን ሳያነሳ ኳሱ መረብ ውስጥ ነው። ከዚያ ኢኤ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ፊፋ ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ። ኮናሚ በፈረንጆቹ 2021 ጨዋታውን ኢፉትቦል ብሎ በነጻ ሲለቀው ገና ያልበሰለ ስለነበር፣ በኮንሶል በኩል ሜዳውን ለኢኤ ለቀቀለት ማለት ይቻላል። አሁን በኛ ሰፈር ኢፉትቦል የሚጫወት ልጅ የሚጫወተው በስልኩ ነው። ኢኤ ደግሞ ከፈረንጆቹ 1993 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የፊፋ ስም በፊፋ 23 አበቃና ኤፍሲ አለው። ጅማ ላይ ግን እስካሁን ፊፋ ነው። "ና ኤፍሲ እንጫወት" የሚል ሰው አልሰማሁም።

ወደ ጨዋታው ልግባ። የዘንድሮው ትልቁ ነገር አንዱ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ዓይነት አጨዋወት መኖሩ ነው። አንዱ ኮምፔቲቲቭ ይባላል፤ ለኦንላይን ውድድር የተሠራ ነው፣ ፓሱ ይፈጥናል፣ ተጫዋቹ ቶሎ ይዞራል፣ ተከላካዩም በራሱ ኳስ ነጥቆ አያድንህም፣ አንተው ራስህ መከላከል አለብህ። ሌላው ኦተንቲክ ነው። እሱ ቀስ ይላል። እውነተኛ ኳስ ይመስላል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነብኝ? ለዓመታት ኢኤ ሁለት የማይስማሙ ሰዎችን በአንድ አጨዋወት ሊያስደስት ሲሞክር ነው ያየነው። ጨዋታው ሲወጣ ደስ የሚል ዝግ ያለ ፍጥነት አለው፣ ከሳምንታት በኋላ ኦንላይን የሚወዳደሩት ስለሚያማርሩ አፕዴት ይመጣል፣ ጨዋታው ይፈጥናል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ክለብ የሚያሠለጥነው ሰው የገዛው ጨዋታ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። ዘንድሮ ለያዩት። በቃ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያየሁት ትክክለኛ ውሳኔ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ዛሬ ጌም ቤት ውስጥ ሁለቱንም አስሞከርኳቸው። መጀመሪያ እንደተለመደው ኮምፔቲቲቭ ነበር። ሁሉም ሪያል ማድሪድን ይዞ ኳሷን ለምባፔ ከኋላ እየወረወረ ነው የሚጫወተው። አራት ደቂቃ በአራት ደቂቃ፣ ጎል እንደ ጉድ። ከዚያ ባለቤቱን አስፈቅጄ ኦተንቲክ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ ላይ ጩኸት ሆነ። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?" አለ አንዱ። ግን ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አንድ ልብ የሚሞላ ነገር አየሁ። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ አርሰናልን ይዞ ኳሱን ከበረኛው ጀምሮ ቀስ እያለ አወጣ፣ ወደ ግራ፣ ተመልሶ ወደ መሃል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ መስመር፣ ተቃራኒው ለመንጠቅ ሲወጣ ክፍተቱን አገኘና አስገባ። አግዳሚው ሁሉ ተነሳ። ኮምፔቲቲቭ ላይ እንደዚህ ዓይነት ጎል አይጠበቅም፣ ከዚያ በፊት ኳሱ ሦስት ጊዜ ይቀያየራል።

በረኞቹም ተሻሽለዋል። ባለፈው ዓመት ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ በረኛው አድኖ ኳሱን እዚያው አጥቂው እግር ስር ማስቀመጡ ነበር። ዘንድሮ ወደ ጎን መግፋት ይሞክራል። ሁልጊዜ አይሳካለትም፣ ግን ልዩነቱ ይታያል። ተከላካይ ነጥቆ ኳሱ በዕድል ተመልሶ አጥቂው ጋ የሚሄድበት ነገርም ቀንሷል። በተሸናፊ ይከፍላል ሕግ ለሚጫወት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዕድል ተሸንፎ ከኪሱ የሚያወጣ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ራሽ የሚባለው የጨዋታ ዓይነትም እዚህ ቤት ጥሩ ቦታ አግኝቷል። ከኤፍሲ 25 ጋር ነው የመጣው። አምስት ለአምስት፣ ትንሽ ሜዳ፣ በረኛውን ኮምፒውተሩ ይይዘዋል። ሰማያዊ ካርድ አለው፣ ያየ ተጫዋች ለአንድ ደቂቃ ይወጣል። ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ድንጋይ ጎል አድርጎ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አራት ጆይስቲክ ተሰክቶ አራት ልጅ በአንድ ቡድን ኮምፒውተሩን ሲገጥም ማየት ደስ ይላል፣ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት የሚነሳ ተሸናፊ የለም።

ስለ ግራፊክሱ ብዙ የምለው የለኝም። ያምራል። አምና ያምር ነበር፣ ዘንድሮም ያምራል። የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴ ከእውነተኛ ጨዋታዎች ቀድቶ የሚያመጣው ቴክኖሎጂ ግን ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የለም፣ እኛ ከተማ ደግሞ አብዛኛው ቤት ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ አሉ፣ በኢንተርኔት ያዩትን ጨዋታ ቤታቸው ሲያጡት ያዝናሉ።

እኔ ራሴ ብዙ ሰዓት የምሰጠው ለካሪየር ሞድ ነው፣ አንድ ክለብ ይዘህ ከዓመት ዓመት እንደ አሰልጣኝ ለምትመራበት ክፍል። ከፊፋ 22 ጀምሮ የራስህን ክለብ መሥራት ይቻላል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታው ውስጥ የለም። ብሔራዊ ቡድናችንም የለም። ስለዚህ በየዓመቱ የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ የእንግሊዝ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ክለብ አውጥቼ ጅማ አባ ጅፋርን ማስገባት ነው። አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ዋንጫውን የበላ ክለብ ነው። ያን ዓመት በከተማው ውስጥ የነበረው ስሜት እስካሁን ውስጤ አለ። ስታዲየሙ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካለው ጋር አይመሳሰልም፣ ተጫዋቾቹም ኮምፒውተሩ የሚሰጠኝ የሌላ አገር ልጆች ናቸው፣ ግን የውጤት ሰሌዳው ላይ የከተማዬን ስም ሳነብ ልቤ ይሞቃል።

ካሪየር ሞዱ ዘንድሮ ሕይወት አግኝቷል። አሰልጣኞች ይባረራሉ፣ ክለብ ይቀያየራሉ። ያልጠበቅከው ነገር መሃል ላይ ይመጣና ዕቅድህን ያናጋዋል። ከአንድ ዓመት በላይ ሳይወስድ የሚያልቅ ፈተናም አለ፣ ስለዚህ አሥር የውድድር ዘመን ለመጫወት ጊዜ የሌለው ሰው አጭር ታሪክ ይዞ መጀመር ይችላል። ኦተንቲክ ሲጨመርበት ደግሞ አንድ ለዜሮ ማሸነፍ ትርጉም ያገኛል። ታናሽ እህቴ በሴቶቹ ክለብ ነው የምትጫወተው፣ ይህም ከኤፍሲ 25 ወዲህ ካሪየር ሞድ ውስጥ ገብቷል። ከእኔ ይልቅ እሷ ትጸናለች፣ ወጣት ተጫዋች አሳድጋ እንጂ ገዝታ አታውቅም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ዋናው ቅሬታዬ አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል። የዚህ ጨዋታ ገንዘብና ልፋት የሚሄደው አልቲሜት ቲም ወደሚባለው፣ ተጫዋቾችን በካርድ እየሰበሰብክ ቡድን ወደምትሠራበት ክፍል ነው። በየሳምንቱ አዲስ ካርድ፣ አዲስ ውድድር፣ አዲስ ፓክ። ፓክ ማለት የካርድ እሽግ ነው፣ ከፍተህ ማን እንደሚወጣልህ አታውቅም። በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት ስለሚቻል ቤልጅየም ውስጥ ከቁማር ሕግ ጋር ተጋጭቶ፣ ኢኤ ከፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ጀምሮ የፓክ መግዣ ነጥቡን እዚያ አገር መሸጥ አቁሟል። የሰበሰብከው ቡድን ደግሞ ወደ ቀጣዩ ዓመት ጨዋታ አይሻገርም። መስከረም ሲመጣ ከዜሮ ትጀምራለህ። አሥራ ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅ ይህን በእጁ መስጠት ከባድ ነገር ይመስለኛል፤ ለባልደረባዬም ይህንኑ ነው የነገርኩት፣ ለልጅህ ከገዛህለት የክፍያ ካርድህን ከአካውንቱ ጋር አታያይዘው ብዬ።

ለኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የፕሌይስቴሽን አካውንት ስትከፍት አገራችን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ የሌላ አገር መምረጥ ግድ ነው። መክፈያውም የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይፈልጋል። ሰርቨሩ ሩቅ ነው። ጆይስቲኩን ተጭነህ ተጫዋቹ እስኪመታ ትጠብቃለህ፣ ተከላካዩ ያን ጊዜ ደርሷል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ጨዋታው እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ምድብ ወርጃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ተውኩት።

ስለዚህ ጅማ ላይ የሚጫወት ሰው ከገዛው ጨዋታ ውስጥ በደንብ የሚጠቀምበት ኪክ ኦፍንና ካሪየር ሞድን ብቻ ነው። ካሪየር ሞድ እንዳልኩት ተነስቷል። ኪክ ኦፍ ግን ተረስቷል። ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን የሚጫወቱበት፣ ይህ ጨዋታ የተወለደበት ክፍል ያው ነው። ጌም ቤቱ ውስጥ ማን ማንን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ የሚመዘግበው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። አሥር ሰው ተራ ይዞ የሚጫወትበትን የሰፈር ውድድር በቀላሉ የሚያደራጅ ነገር ቢሠሩ ከመቶ አዲስ ካርድ ይልቅ ያስደስተን ነበር።

የስም ጉዳይም አለ። ኤፍሲ 25 ላይ ኢንተር "ሎምባርዲያ ኤፍሲ"፣ ሚላን ደግሞ "ሚላኖ ኤፍሲ" ተብለው መጡ፣ ፈቃዱ በእጃቸው ስላልነበረ። የሚላን ደጋፊ ለሆነ ጓደኛዬ ይህ ትልቅ ቁስል ነው። እኔ በሱ ቦታ ብሆንም እናደዳለሁ። በሌላ በኩል ዘንድሮ ሳላህ ከምባፔ እኩል 91 የችሎታ ነጥብ ተሰጥቶት ከወንዶቹ ሁሉ በላይ መቀመጡ አስደስቶኛል።

ሲወጣ ዋጋው ወደ 70 ዶላር ነበር። በብር ሲመታ ብዙ ቤት የማይደፍረው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው። ኤፍሲ 25 ያለውና ከጓደኛው ጋር ብቻ የሚጫወት ሰው ይቆይ፣ ዲስኩ ሲረክስ ያገለገለ ይፈልግ። ካሪየር ሞድ የሚወድ ግን ፕሌይስቴሽን 5 ካለው ይግዛ፣ አይቆጭም። የአጋሮው ልጅ፣ አንተ ጋ ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ከፊፋ 23 ጋር ነው፣ እሱ ይበቃሃል፣ ገንዘቡን ለሁለተኛ ጆይስቲክ አውለው።

ጌም ቤቱ ባለቤት ነገ እሑድ ከሰዓት ኦተንቲክ ላይ ብቻ የሚደረግ ውድድር አደርጋለሁ ብሎ ወረቀቱን ለጥፏል። ስወጣ አሥራ አንድ ስም ተጽፎበት ነበር። አሥራ ሁለተኛው የኔ ነው። ያ አርሰናልን የያዘው ልጅ ሁለተኛ ላይ ተመዝግቧል።