ፍሪሲዮን ይንሸራተት ወይስ አይንሸራተት? እስካሁን የገባኝ

ሰሞኑን የማጠናው ፍሪሲዮንን (ክላችን) ነው፤ የሚዞርን ክፍል ከሌላ ክፍል ጋር የሚያገናኘውንና የሚለየውን ዕቃ ማለቴ ነው። ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ላይ ላዩን ሲያዩት የስም ሽምደዳ ይመስላል። መልክ የያዘልኝ አንድ ጥያቄ ይዤ ስነሳ ነው፤ ይህኛው መንሸራተት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም?

ከመኪና ልጀምር። የነዳጅ ሞተር ከቆመበት ጉልበት አይሰጥም። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እንኳ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ያህል መዞር አለበት። ጎማው ግን ቆሟል። የሚዞረውን ከቆመው ጋር ሞተሩ ሳይጠፋ ለማገናኘት መሐል ላይ የሚንሸራተት ነገር ያስፈልጋል። ይህ ሸራ (ሰበቃ የሚፈጥር ልባስ) ያለው ዲስክ ነው። ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ጎማ በቮላኖውና በሚጫነው ሳህን በፕሬሸር ፕሌቱ መካከል ይቀመጣል፤ ሞላው አጥብቆ ይጫነዋል። ፔዳሉን ስትረግጡ ጫናው ይነሳና ዲስኩ ነጻ ይወጣል። ዲስኩ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ሞላዎች ግን የመጫን ሥራ የላቸውም። የሞተሩን ምት ዋጥ አድርገው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እንዳይንገጫገጭ ያደርጋሉ።

ከሁሉም የገረመኝ የሙቀቱ ሒሳብ ነው። መንገዱ ሜዳ ሆኖ የሞተሩ ዙር ባለበት ቢቆይ፣ መኪናው ሲነሳ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚቀረው ሙቀት መኪናው ካገኘው የእንቅስቃሴ ኃይል ጋር እኩል ነው። ግማሹ መኪናውን ይገፋል፣ ግማሹ ሸራውን ያግላል። ፔዳሉን ቶሎ ብትለቁትም ቀስ ብትሉም ድምሩ ያው ነው!

ድምሩን የሚለውጠው ዙሩ ነው። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በአንደኛ ማርሽ በ2,000 ዙር በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በዚህ ዙር ሲነሳ ወደ 15,000 ጁል ሙቀት ይፈጠራል። በ1,000 ዙር ቢነሳ 3,750 ጁል ብቻ። ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ሸራ የሚያድነው ነዳጅ ሳያበዙ መነሳት ነው። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ መኪናው ስለማይንቀሳቀስ የሚገባው ኃይል በሙሉ ሙቀት ይሆናል። የእጅ ፍሬን እያለ ይህን ማድረግ ሸራን በከንቱ መጨረስ ነው።

ሞተር ሳይክል ላይ ችግሩ ቦታ ነው። ፍሪሲዮን የሚያስተላልፈው ጉልበት በሰበቃው መጠን፣ በጫናው፣ በዲስኩ ስፋትና በሚነካኩት ገጾች ብዛት ይወሰናል። ዲስኩን ማስፋት ካልተቻለ ገጾቹን ማብዛት ነው። አምስት ባለሸራ ዲስኮች ከብረት ዲስኮች ጋር እየተፈራረቁ ቢደረደሩ አስር ገጽ ይገኛል። ብዙዎቹ በዘይት ውስጥ የሚሠሩት ሙቀቱን ዘይቱ እንዲወስደው ነው። ለዚህም ነው የሞተር ሳይክል ዘይት ጃሶ ኤም ኤ የሚባል የራሱ ደረጃ ያለው። ለመኪና የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል።

የሰንሰለት መጋዝ ፔዳል አያስፈልገውም። ዙሩ ሲጨምር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ተወርውረው ከበሮውን ይይዛሉ። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ሰንሰለቱ ይቆማል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ቆርጦ ይይዛል።

መንሸራተት የማይፈቀድላቸው ደግሞ አሉ። ካምቢዮ ውስጥ ጥርስ ለጥርስ የሚገጥመው ዓይነት ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፤ መሐል የለውም። ስለዚህ ቀድመው ፍጥነቱን የሚያስተካክሉለት የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች አሉት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘውን ብስክሌት ላይ ታውቁታላችሁ፤ ፔዳል መምታት ስታቆሙ ጎማው መዞሩን ይቀጥላል። ያው ሐሳብ ሄሊኮፕተር ላይ ሕይወት ያድናል። ሞተሩ ቢጠፋ ክንፉ ከሞተሩ ተላቆ በነጻነት ስለሚዞር አብራሪው ተቆጣጥሮ ማረፍ ይችላል።

የመኪና ኤሲ ኮምፕረሰር ላይ ያለው በማግኔት ይያዛል። ቡሎን የምናጠብቅበት ድሪል ላይ ያለው ደግሞ ከተወሰነ ጉልበት በላይ ሆን ብሎ ይለቃል።

አሁን የገባሁት ወደ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነው። ፎክስዋገን በ2003 እ.ኤ.አ. ጎልፍ አር 32 በተባለው መኪናው ላይ አውጥቶታል። አንዱ ፍሪሲዮን ጎዶሎ ማርሾችን፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮቹን ይይዛል፤ ቀጣዩ ማርሽ አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። አንዱ እየለቀቀ ሌላው ሲይዝ የመንሸራተቱን ልክ የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ የሚይዝበት ቦታ ስለሚቀየር ኮምፒውተሩ ልኩን በየጊዜው እንደገና ይማራል። ቀጥዬ የማጠናው ይህንኑ ነው።