ባቱን ያልጨመቅሁበት ቀን

በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በፊዚዮቴራፒ ክፍል ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ የ43 ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በሁለት ባልደረቦቹ ትከሻ ተደግፎ ወደ ክፍላችን ገባ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ የሲሚንቶ ግቢ ላይ መረብ ወጥረው ከመምህራን ጋር ባድሜንተን ይጫወቱ ነበር። በራሱ ላይ አልፋ የምትሄደውን ባለላባ ኳስ ለመመለስ ወደ ኋላ ሸሸት ካለ በኋላ፣ ቀኝ እግሩን ተክሎ ወደ ፊት ሊወረወር ሲል ጉዳቱ ደረሰበት። «ከኋላዬ አንድ ልጅ ተረከዜን በድንጋይ የመታኝ መሰለኝ፤ ዞሬ ልቆጣ ስል ማንም የለም» አለኝ። አብሮት የመጣው ባልደረባውም «ድምፁን እኛም ሰምተነዋል፤ ጧ አለ» ሲል ጨመረ። ሁለቱንም በካርዱ ላይ አንድ በአንድ ጻፍኋቸው። ጻፍኋቸው እንጂ አላሰብሁባቸውም።

በዕለቱ ወረፋው እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ይደርስ ስለነበር መምህሩን አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ መረመርሁት። ቁርጭምጭሚቱና ከተረከዙ በላይ ያለው ክፍል አብጧል። መዳፌን ከእግሩ ሥር አድርጌ «ወደ ታች ግፋኝ፣ መምህር» አልሁት፤ ደከም ባለ ኃይልም ቢሆን ገፋኝ። እግሩ ወደ ታች እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ጅማቱ ደህና ነው፣ የደከመው ከሕመሙ የተነሣ ነው ብዬ ደመደምሁ። የራጁ ውጤትም ስብራት አላሳየም። «አብሽር መምህር፣ ወለምታ ነው» ብዬ በፋሻ ጠቅልዬ፣ በረዶ እንዲይዝበትና ለሁለት ሳምንት እንዲያርፍ ነግሬ ሸኘሁት።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልናገር። እኛ «ጅማት» የምንለው ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውንም ነው፤ አንዳንዴ ነርቩንም በዚያው ስም እንጠራዋለን። ስለዚህ ታማሚው «ጅማቴ ዞረ» ሲል የትኛው እንደተጎዳ ከቃሉ አይታወቅም፤ ለይቶ ማወቅ የመርማሪው ድርሻ ነው። «ወለምታ» የሚለው ቃል ደግሞ ከባለሙያ አፍ ሲወጣ ለታማሚው ፈቃድ ይሆናል። ወለምታ ይታሻል፤ መምህሩም ሰፈሩ ውስጥ ወዳለ ወጌሻ ሄዶ በቅቤ ሲታሽ ሰነበተ። ወጌሻውን አልወቅስም፤ ወለምታ ነው ተብሎ የመጣለትን እግር ነው ያሸው።

በአምስተኛው ሳምንት መምህሩ እያነከሰ ተመለሰ። ሕመሙ ቀንሷል፤ ይራመዳል፤ ነገር ግን የሆጤን ዳገት ሲወጣ ቀኝ እግሩ እንደማይገፋው፣ መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ለማውረድም በጣቶቹ መቆም እንዳቃተው ነገረኝ። ግራ ስለገባኝ የክፍላችንን አንጋፋ ባለሙያ ጠራኋት። ምንም ሳትጠይቅ መምህሩን በሆዱ አስተኛችው፤ ሁለቱም እግሮቹ ከአልጋው ጫፍ ወደ ውጭ እንዲንጠለጠሉ አደረገች። መጀመሪያ የግራውን ባት በእጇ ጨመቀችው፤ የግራው እግር መዳፍ ራሱን እንደሚነቀንቅ ሰው ወደ ታች ዝቅ አለ። የቀኙን ጨመቀችው። አልተነቃነቀም። ደግማ ጨመቀችው፤ እግሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ ጣቴን ይዛ ከተረከዙ አጥንት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ አሳረፈችው። በግራው በኩል እንደ ጠፍር የተወጠረው ጅማት፣ በቀኙ በኩል ረግቦ ሊጥ የነካሁ ያህል ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት።

ይህ የባት ጭመቃ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሞንድስ፣ በ1962 ደግሞ ቶምፕሰን የገለጹት ነው፤ ከሁለት እጅና ከአንድ አልጋ በቀር ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን የገባኝ የዚያን ቀን ነው። የተረከዙ ጅማት፣ ማለትም አኪለስ፣ የባትን ሁለት ትልልቅ ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። እሱ ሙሉ በሙሉ ሲበጠስም ከቅልጥሙ ጀርባ በጥልቀት የተቀመጡት፣ ጣቶችን የሚያጥፉትና እግርን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ስላልተነኩ እግሩን ወደ ታች መግፋት ይችላሉ። እኔን ያሳሳቱኝ እነሱ ናቸው። ባቱ ሲጨመቅ ግን ጉተታው ተረከዙ ዘንድ የሚደርሰው በአኪለስ በኩል ስለሆነ የማሳሳት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው።

ታሪኩም ቢሆን ያለ ምርመራ ይናገር ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የደም ሥር በሚሳሳበት ቦታ ነው። ከሚጎዱት የሚበዙት በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚጫወቱ ወንዶች ሲሆኑ፣ ባድሜንተን፣ ቴኒስና ስኳሽ ድንገት ቆሞ ድንገት መፈናጠርን ስለሚጠይቁ ለዚህ ጉዳት የታወቁ ናቸው። «ከኋላ ተመታሁ» የሚለውም ቃል በየአገሩ ያሉ ታማሚዎች የሚደግሙት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ባውቀው ኖሮ መምህሩ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ጫፎቹን በቀዶ ሕክምና መስፋት ነው። ሁለተኛው ያለ ቀዶ ሕክምና እግሩን ጣቶቹ ወደ ታች እንዳመለከቱ በጄሶ ወይም በሚወልቅ ቦት መያዝ፣ ከተረከዙ ሥር የሚደረገውን ከፍታ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ መቀነስና በጊዜ እንቅስቃሴ ማስጀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው፣ 526 ሰዎችን ያካተተው የኖርዌይ ጥናት በሁለቱ መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ በእግሩ አገልግሎት ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ዳግም የመበጠስ መጠኑ ግን ቀዶ ሕክምና ባላደረጉት 6.2 በመቶ፣ ባደረጉት 0.6 በመቶ ነበር፤ በአንጻሩ የነርቭ ጉዳት ቀዶ ሕክምና ባደረጉት ላይ በዝቶ ታይቷል። ይህን ዘርዝሮ ለታማሚው ማስረዳትና አብሮ መምረጥ ይቻል ነበር። አምስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ጡንቻው ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ ክፍተቱን ጠባሳ ሞልቶታል፤ ምርጫው ጠብቧል።

ካርዱን እንደገና ከፍቼ ሳነብ ሌላም ያልጠየቅሁት ነገር አገኘሁ። መምህሩ ከጨዋታው በፊት ለታይፎይድ ተብሎ ለአሥር ቀን ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲወስድ ነበር። ይህ መድኃኒትና የእሱ ዓይነት ሌሎች መድኃኒቶች ጅማትን ሊያዳክሙና ሊያስበጥሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል። ለእሱ መበጠስ ምክንያቱ ይኸው ነው ማለት አልችልም፤ ሆኖም በአካባቢያችን በቀላሉ የሚወሰድ መድኃኒት ስለሆነ፣ ተረከዙን ወይም ትከሻውን የሚያመውን ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ለመምህሩ ራሴ ነገርሁት። «በመጀመሪያው ቀን ጅማትህ ተበጥሶ ነበር፤ ሳልለየው የቀረሁት እኔ ነኝ» አልሁት። ለረጅም ጊዜ እግሩን እያየ ዝም ካለ በኋላ «እና አሁን ምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። የአጥንት ሐኪሙ ክፍተቱን ለመሸፈን የእግር አውራ ጣቱን ማጠፊያ ጅማት ወደ ተረከዙ አዛውሮ ሰፋለት። ከጄሶው በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ በመጀመሪያ ተቀምጦ፣ ከዚያ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ በኋላም ክብደቱን ቀስ በቀስ ወደ ቀኙ እያዛወረ ተረከዙን ማንሳት ተለማመደ።

በዘጠነኛው ወር በግድግዳው ተደግፎ በቀኝ እግሩ ብቻ እንዲነሳ ጠየቅሁት። በግራው ሃያ አምስት ጊዜ ያለ ድካም ይነሳል። በቀኙ ስድስት ጊዜ ተነሳ፤ ከፍታው የግራውን ግማሽ አይሞላም ነበር። ሰባተኛውን ሲሞክር ባቱ ተንቀጠቀጠ፤ ተረከዙ ከወለሉ አንድ ጣት ያህል ለቀቀና ተመልሶ አረፈ። እኔም በካርዱ ላይ ስድስት ብዬ ጻፍሁ።