በሌጦ ንግድ ራሴን እንዴት እንደቻልሁ

የሌጦ ንግድን በ1996 ዓ.ም. ደሴ ላይ ስጀምር የነበረኝ ገንዘብ በቀን ሥራ ያጠራቀምሁት 900 ብር ብቻ ነበር። በበዓል ማግስት ከቤት ወደ ቤት እየዞርሁ የበግና የፍየል ሌጦ እገዛና ለትልልቅ ነጋዴዎች አስረክብ ነበር። በዚያን ጊዜ ንግድ ማለት በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይህን አስተሳሰቤን የቀየረው በሁለተኛው ዓመት የደረሰብኝ ኪሳራ ነው። ለአረፋ ደሴ ላይ የገዛሁትን 200 የሚጠጋ ሌጦ፣ የጨው ወጪ ለመቆጠብ ስል ጨው ሳልነሰንስበት በአይሱዙ ጭኜ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ ይህን ልዩነት አላሰብሁበትም ነበር። ገዢው የአንዱን ሌጦ ጸጉር በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ። ጸጉሩን የለቀቀ ሌጦ የበሰበሰ ነውና ከጭነቱ ሲሶውን እንኳ አልተቀበለኝም። አጠገባችን ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ «ልጄ፣ ጨው እኮ ወጪ አይደለም፤ ዕቃህ እሱ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሌጦው በፊት ጨው መግዛት ጀመርሁ። ከአፋር የሚመጣውን የአፍዴራ ጨው በኩንታል አስቀድሜ አከማቻለሁ፤ ሌጦው ከተገፈፈ አራት ሰዓት ሳይሞላው የሥጋው ወገን ወደ ላይ እንዲሆን አድርጌ ዘቅዘቅ ባለ የሲሚንቶ ወለል ላይ እዘረጋና የክብደቱን ሲሶ የሚያህል ጨው በእጄ እነሰንስበታለሁ። አብዛኛው ሰው መሐሉን ጨው አልብሶ ጠርዙን ይረሳል፤ መበስበስ ግን ከአንገቱና ከእግሮቹ እጥፋት ይጀምራል።

ቢላ የበሳው ሌጦ ደረጃው ስለሚወርድ፣ ሳይቀድ ለሚገፍልኝ አራጅ ጭማሪ መክፈል ጀመርሁ፤ ሒሳቡንም ቢመሽ እንኳ ለነገ አላሳድርም ነበር። አራጅን በገንዘቡ ማመላለስ በእኔ እምነት የዚህ ንግድ ትልቁ ስሕተት ነው። እከክን ግን ጨውም ጭማሪም አይከላከለውም፤ ቅማልና መሰል ተባዮች በጉ በሕይወት ሳለ የሚያደርሱበት ጉዳት ስለሆነ ጸጉሩ እስኪወገድ ድረስ አይታይም። ሞጆ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጭነቴን ደረጃ ሲቀንስብኝ ተታለልሁ ብዬ ሄድሁ፤ ነጠብጣቡን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ግን ሌጦን እንደመጣበት አካባቢ ለይቼ መግዛት ጀመርሁ።

በ2012 ዓ.ም. ገደማ ዋጋው ወድቆ ሰው የበዓል ሌጦውን መንገድ ላይ እስከ መጣል ሲደርስ፣ ግዢዬን ቀንሼ ኮምቦልቻ ላይ ቀበቶ የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈትሁ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ተሰደድን፤ በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ መጋዘኑም ወርክሾፑም ባዶ ነበር። ለባንክ የማስይዘው ንብረት ያልነበረኝን ሰው ያነሡኝ አራጆቹ ናቸው። የገናን ሌጦ በዱቤ ሰጡኝ፤ ለአንዱ ገንዘቡ መቼ እንደሚደርሰው ልነግረው ስጀምር፣ «ወንድምዓለም፣ ስንት ዓመት በዕለቱ ከፍለኸኛል፤ አሁን ደግሞ እኔ ልጠብቅህ» አለኝና ሌጦውን ራሱ መኪናው ላይ ጫነልኝ። የሁሉንም ዕዳ ከፍዬ የጨረስሁት በሰኔ ነው።