የአባታችን ውለታ

ግዥ ክፍል ስሠራ የድርጅቱን መሥራችና ሥራ አስኪያጅ ሁላችንም «አባታችን» እንላቸው ነበር። ከልባችን ነው። እናቴ ታማ ሆስፒታል የገባች ጊዜ ቅጽ አልሞላሁም፣ ማመልከቻ አልጻፍኩም። የፋይናንስ ኃላፊውን ጠርተው «ለልጄ ክፈልለት» አሉ፤ አለቀ። ከቢሯቸው የወጣሁት እያለቀስኩ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ ደወሉልኝ። ጀነሬተር ልንገዛ ጨረታ አውጥተን ሦስት ተጫራቾች ዋጋ አቅርበዋል። «እሱን ተወው፣ የእህቴ ልጅ ያመጣልናል። አንተ ብቻ ፈርም» አሉኝ። የግዥ መመሪያው ይህን ይከለክላል። ካረቀቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ግን ምን ልበል? እናቴ ድና ቤት ገብታለች። ውለታ ቢስ እንዳልባል ፈረምኩ።

ጀነሬተሩ ሁለት ወር ሳይሞላው ቆመ። ኦዲተሮች ሲመጡ ፋይሉ ውስጥ ያገኙት የእኔን ፊርማ ብቻ ነው። የስልክ ትእዛዝ ፋይል ውስጥ አይገባም። አባታችን በስብሰባው ላይ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። በሳምንቱ ከሥራ ወጣሁ።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ማክስ ቬበር ስለ እንዲህ ዓይነቱ አገዛዝ ሲጽፍ፣ ሹሙ ከጥንቱ ከጌታው ማዕድ የሚበላ የቤት ሰው እንደነበር ያስረዳል። መሥሪያ ቤቱ የጌታው ቤት፣ ካዝናውም የጌታው ኪስ ነው። ሳነበው ራሴን አየሁት። እናቴ የታከመችበት ገንዘብ የባለአክሲዮኖች ነበር። ዕዳውን የተሸከምኩት ግን ለእሳቸው ነው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እምቢ ማለት አያቅተኝም ነበር።

አገርም በዚህ መንገድ ሲመራ ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ ምርጫ ያሸነፈ ወገን የመንግሥትን ሥራ ለደጋፊዎቹ ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በጥይት የመታው ሰው፣ ለድጋፌ ሹመት ይገባኛል ባይ ነበር። በ1883 የፔንድልተን ሕግ ወጣና በፈተና መቅጠር ተጀመረ። ያ አጥር ዛሬ እየላላ ነው። በ2020 ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችን ማባረር የሚያቀል የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጣ፤ በ2021 ተሻረ፤ በ2025 ተመልሶ መጣ። ዜናውን ስሰማ ትዝ ያለኝ ያ የስልክ ጥሪ ነው። ነገ የሚደወልለት ሠራተኛ ምን ብሎ ይመልሳል?

አሁን ያለሁበት ድርጅት ለሁሉም ሠራተኛ የሕክምና መድን አለው። በቅርቡ ታምሜ ቅጽ ሞላሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ስሜን እንኳ አታውቅም፤ የመታወቂያ ቁጥሬን ብቻ ጠየቀችኝ። ገንዘቡ ገባልኝ። በዚያው ሰሞን አለቃዬ ዋጋ ማወዳደሪያ የሌለው የግዥ ጥያቄ አመጣልኝ። መለስኩለት። አሟልቶ አመጣው።